የመጨረሻው ሃምሳ ሜትር ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «62 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በማስተርስ ውድድር ከ60 እስከ 64 ባለው የዕድሜ ምድብ 100 እና 200 ሜትር ፍሪስታይል እዋኛለሁ። በመጨረሻው ውድድሬ 200 ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ጨረስኩ፤ አራቱ ሃምሳዎች 40፣ 46፣ 48 እና 51 ሴኮንድ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ጊዜ ለመቆጠብ በየአራት ቀዘፋ አንዴ እተነፍሳለሁ፤ ከሁለተኛው ሃምሳ ጀምሮ ግን በየሁለት ቀዘፋ ካልተነፈስኩ አልችልም፤ መጨረሻ ላይ አየር አየር ይለኛል። አብሮኝ የሚለማመድ ጓደኛዬ ሳንባዬ ኦክስጅን ማጣትን እንዲለምድ አሥር ጊዜ በኃይል ተንፍሼ 25 ሜትር ሳልተነፍስ እንድዋኝ፣ ይህንንም ስምንት ጊዜ እንድደጋግም መክሮኛል። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ሐምሌና ነሐሴን አዲስ አበባ ስለማሳልፍ ከፍታውም ይጠቅመኛል ብዬ አስባለሁ። መንገዴ ልክ ነው?»

ጓደኛዎ የመከሩዎትን ልምምድ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ይቀንሱት አላልኩም፣ ጨርሰው ይተዉት። ትንፋሽ የሚያጥርዎ ሳንባዎ አየር አጥቶ መቆየትን ስላልለመደ አይደለም። የላኩልን ቁጥሮች ሌላ ምክንያት ያሳያሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሞ ግን ሕይወት የሚያሳጣው ነገር ግልጽ ይሁን።

ከመግባትዎ በፊት ደጋግመው በኃይል ቢተነፍሱ ኦክስጅን አያጠራቅሙም። ጤነኛ ሰው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲተነፍስ እንኳ በደም ወሳጅ ሥሮቹ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከ95 እስከ 98 በመቶ ኦክስጅን ተሸክሟል፤ በሞላ እንስራ ላይ ውኃ መጨመር ነው። በኃይል መተንፈስ የሚለውጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው፤ ጠርጎ ያወጣዋል። ችግሩ «ተንፍስ» የሚለውን ደወል በዋናነት የሚደውለው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት መሆኑ ነው። በደም ወሳጅ ውስጥ መደበኛ ግፊቱ 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ አሥር የኃይል ትንፋሾች ከ30 በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ከዚያ ትንፋሽዎን ይዘው ሲዋኙ ጡንቻ ኦክስጅኑን በፍጥነት ይጨርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ደወሉን ለመደወል ገና ብዙ ይቀረዋል። በዚህ መሐል አንጎል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ያጣና ሰውየው ራሱን ይስታል፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ጭንቀት የለም። አንዳንዱ ራሱን ከሳተ በኋላም ጥቂት ጊዜ ይቀዝፋል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ነፍስ አድኑም ልምምድ ላይ ያለ ይመስለዋል። ወገብ በሚደርስ ውኃ ውስጥም ይደርሳል፤ የገንዳው ጥልቀት ማነስ መከላከያ አይሆንም።

ዕድሜ ይህን አደጋ ያከፋዋል። ለኦክስጅን ማነስም ሆነ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ከሃያዎቹ ጋር ሲነጻጸር በእጅጉ ይዳከማል። ማለትም ደወሉ ድሮም ዘግይቶ ይደውላል፤ በኃይል በመተንፈስ ደግሞ ጭራሽ ያጠፉታል። አንድ የ65 ዓመት ዋናተኛ 25 ሜትር ሳይተነፍስ ሄዶ «ምንም አልተሰማኝም» ካለ፣ አለመሰማቱ የብርታት ምልክት አይደለም፤ ሊያስፈራው ይገባል።

«ኦክስጅን ማጣትን ማስለመድ» የሚባለው ሐሳብ ራሱ በስህተት ላይ የቆመ ነው። የአሜሪካዊው የኦሎምፒክ ዋና ሻምፒዮን የማርክ ስፒትዝ አሰልጣኝ የነበረው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ካውንስልማን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በየሁለት ቀዘፋ ፈንታ በየአራትና በየስድስት ቀዘፋ እየተነፈሱ መለማመድን በሰፊው አስተዋወቀ፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የመለማመድን ያህል ይጠቅማል ተብሎም ተገመተ። በኋላ ሲለካ ግን በዚህ ልምምድ ወቅት ጎልቶ የታየው ለውጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር እንጂ የኦክስጅን መውረድ አልነበረም። ስለዚህ ቀይ የደም ሴል አይጨምርም፤ ሳንባንም አያሰፋም። የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ትንፋሽ ሲያጥር ላለመደናገጥ፣ ጭንቅላትን ሳያወዛውዙ ለመቅዘፍ፣ በመታጠፊያው ግድግዳ ዙሪያ ለመረጋጋት። ይህም በልኩ ሲሠራ ብቻ ነው። ካውንስልማን ራሱ በ1979 (እ.ኤ.አ.) በ58 ዓመቱ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ፣ የእንግሊዝን ቻናል፣ ዋኝቶ ተሻግሯል፤ በዚያ ጊዜ ይህን የፈጸመ በዕድሜ ትልቁ ሰው ነበር። እንዲያ ያለ ርቀት የሚሸፈነው በሰዓታት የተደላደለ ትንፋሽ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮችዎ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሃምሳ መካከል የ11 ሴኮንድ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ሃምሳ በዝላይ ስለሚጀመር 2 ሴኮንድ ያህል መፍጠኑ ተገቢ ነው፤ የቀረው ከአቅም በላይ የሆነ አጀማመር ነው። ጡንቻ በኦክስጅን ብቻ ሊሸከም ከሚችለው ፍጥነት በላይ ሲሠራ አሲድ ያመነጫል፤ ደም ያንን አሲድ በባይካርቦኔት ሲያረጋጋ ደግሞ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ይህ የሚጀምረው በዚያ በ40 ሴኮንዱ ሃምሳ ነው። እርስዎ ደግሞ መውጫውን የዘጉት እዚያው ላይ ነው። በሃምሳ ሜትር 44 ጊዜ ይቀዝፋሉ ብንል፣ በየሁለት ቀዘፋ 22 ትንፋሽ ያገኛሉ፤ በየአራት 11 ብቻ። የቀነሷቸው 11 ትንፋሾች መጀመሪያ ላይ የአንድ ሴኮንድ ክፋይ ያተርፉልዎ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ ግን በብዙ ሴኮንድ ያስከፍሉዎታል። «አየር አየር ይለኛል» የሚሉት ስሜት ኦክስጅን አለቀ ማለት ሳይሆን ያልወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከምሯል ማለት ነው።

ይህ ስሜት በእርስዎ ዕድሜ የሚብስበት አካላዊ ምክንያት አለ። የጎድን አጥንቶችን ከደረት የሚያያይዘው ልም አጥንት ይደርቃል፤ ደረት እንደ ድሮው አይሰፋም። ሳንባ እንደ ላስቲክ ተስቦ የሚመለስበት ኃይልም ይቀንሳል። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሊያስወጣ የሚችለው ከፍተኛ የአየር መጠን በዓመት ከ20 እስከ 30 ሚሊሊትር ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሳይወጣ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው አየር ግን ይጨምራል። ውኃው ደግሞ ከውጭ ደረትን ይጫናል፤ ከእግርና ከሆድ ዕቃ ደም ወደ ደረት ይገፋል፤ አየር የማስገባቱ ሥራ ከየብስ ይልቅ ይከብዳል። ከዚህ ሁሉ ለዋናተኛ ትልቁ መዘዝ ይህ ነው፦ አየር ለማስወጣት ከወጣት የበለጠ ጊዜ ያስፈልግዎታል። ወጣቱ ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ አፉ ከውኃ ሊወጣ ሲል በአንድ ግፊት ሊያስወጣ ይችላል። የ62 ዓመት ሰው እንዲያ ሲያደርግ ያረጀው አየር ሳይወጣ የማስገቢያው ጊዜ ያልፋል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው እያነሰ፣ ደረቱ እየተነፋ ይሄዳል። ስለዚህ ሊሠለጥን የሚገባው አየር መያዝ ሳይሆን አየር ማስወጣት ነው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። አፍዎ ውኃ እንደነካ፣ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ ሳይዘገዩ፣ በአፍንጫ ቀጭን የአረፋ መስመር መልቀቅ ይጀምሩ። ጥሩ ማስለመጃ ከንፈር ገጥሞ «እምምም» እያሉ ማንጎራጎር ነው፤ ድምፁ ከተቋረጠ ትንፋሽዎን ይዘዋል ማለት ነው። ጭንቅላት መዞር ሲጀምር ቀሪውን በአፍና በአፍንጫ ጫን አድርገው ያስወጡ። ከዚያ ማስገባቱ አጭር ነው፤ አፍ ከፈት ሲል አየሩ በራሱ ይገባል፤ መጎተት የለበትም። ጨርሶ ባዶ ማድረግም ስህተት ነው። በእርስዎ ዕድሜ ሳንባ ጨርሶ ሲጨመቅ ትንንሾቹ የአየር ቱቦዎች ቀድመው ይዘጋሉ፤ ደረትዎም ተንሳፋፊነቱን ያጣል። ሁለት ሦስተኛውን ያህል ማስወጣት ይበቃል። ሲተነፍሱ አንዱ የመነጽር ዓይን ውኃ ውስጥ ይቅር፤ ጭንቅላት ወደ ላይ ከተነሣ ዳሌ ይሰምጣል፣ እግር ደግሞ እሱን ለማንሣት ይደበድባል። ብዙ ኦክስጅን የሚበላው ይህ የትልልቆቹ የጭን ጡንቻዎች ድብደባ ነው፤ «ትንፋሽ አጠረኝ» ከሚሉ ዋናተኞች ስንቱ ችግሩ እግሩ ላይ ነው!

የምመክረው የስምንት ሳምንት ልምምድ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ገደማ፣ ሰውነት ካሟሟቁ በኋላ ወዲያው። በልምምዱ መጨረሻ ደክሞዎት ሳለ አይሥሩት፤ ድካም አወጣጡን ያበላሸዋል። ገንዳዎ አሜሪካ እንደሚበዛው 25 ያርድ ከሆነ 22.86 ሜትር ስለሆነ ቁጥሩን ሳይቀይሩ እንዳለ ይጠቀሙበት፤ ሰዓትዎን ግን ከሜትር ገንዳ ጋር አያወዳድሩ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግድግዳ ይዘው ቁመው ይጀምሩ፦ ፊት ውኃ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሴኮንድ እያንጎራጎሩ ማስወጣት፣ ብቅ ብሎ በአንድ ሴኮንድ ማስገባት፣ ወዲያው መመለስ፤ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቀጥሎ 8 ጊዜ 25 ሜትር በዝግታ፣ በየሁለት ቀዘፋ እየተነፈሱ፣ በመካከሉ 20 ሴኮንድ ዕረፍት። ብዙ ሰው ይህን ቀላል ነው ብሎ ይዘለዋል፤ አይዝለሉት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚሠራው አወጣጡ ሳይታሰብ የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት 5 ጊዜ 100 ሜትር፣ 30 ሴኮንድ ዕረፍት ይዘው። በእያንዳንዱ 100 ውስጥ የመጀመሪያውና ሦስተኛው 25 በየሦስት ቀዘፋ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በየሁለት። በየሦስት መተንፈስ ሁለቱንም ጎን ስለሚያሠራ የተጣመመ አቀዛዘፍ ያቃናል። በየአምስት ከፈለጉ ከ25 ሜትር ሳይበልጥ፣ በዝግታ ብቻ፤ ከአምስት በላይ ለእርስዎ የተከለከለ ነው። መለኪያው ንግግር ነው፦ ግድግዳ ከነኩ በ15 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካልቻሉ ፍጥነቱ በዝቷል፤ የሚቀጥለውን በየሁለት ይዋኙት። እየዋኙ ትንፋሽ ከፈለጉ ደግሞ ቁጥሩ ሳይሞላ ይተንፍሱ። የታዘዘውን ቁጥር ለማክበር ብሎ መታገል የዚህ ልምምድ ዋና ብልሽት ነው።

ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ልምምዱ ወደ ውድድሩ ይጠጋል። ከገንዳው መሐል ተነሥተው ወደ ግድግዳው በውድድር ፍጥነት ይዋኙ፣ ይታጠፉ፣ ወደ መሐል ይመለሱ፤ 8 ጊዜ፣ 45 ሴኮንድ ዕረፍት። ግድግዳው ሊደርስ ሁለት ቀዘፋ ሲቀር ተንፍሰው ይግቡ፤ ከመታጠፊያው ሲወጡ የመጀመሪያው ቀዘፋ ላይ ሳይሆን ሁለተኛው ላይ ይተንፍሱ። ትንፋሽ መቆጠብ የሚያዋጣው እዚህ ብቻ ነው፤ ፍጥነትዎ ከፍ ያለው ከግድግዳ ሲገፉ ስለሆነ ጭንቅላት ቢዞር ያንን ይገድለዋል። የውድድር ደንቡ ከግድግዳ ተገፍቶ ውኃ ውስጥ እስከ 15 ሜትር መሄድን ይፈቅዳል፤ እርስዎ ግን 5 ሜትር ላይ ይውጡ። በሳምንት አንድ ቀን 4 ጊዜ 50 ሜትር በውድድር ፍጥነት፣ 10 ሴኮንድ ብቻ ዕረፍት ይዘው ይዋኙ፤ እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ቀዘፋ ጀምሮ በየሁለት ይተንፍሱ። የምንፈልገው አራቱ ሃምሳዎች እንዲቀራረቡ ነው። በውድድሩ ላይ 44፣ 46፣ 47፣ 46 ቢመጣ 3 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ነው፤ ያለ ምንም አዲስ ሳንባ ሁለት ሴኮንድ አተረፉ። ለ100 ሜትሩም በየሁለት ይሁን፤ በመታጠፊያው ዙሪያ ካልሆነ በቀር አይዝለሉ።

ከገንዳ ውጭ ሊጨመር የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ አየር ሲያስገቡ የሚቋቋም፣ በአፍ የሚያዝ ትንሽ የትንፋሽ ጡንቻ ማሠልጠኛ መሣሪያ። ዲያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ) እና በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉ ጡንቻዎች እንደ ሌላው ጡንቻ ይደክማሉ፤ በኃይል ከተዋኘ አንድ 200 ሜትር በኋላ ኃይላቸው በግልጽ ወርዶ ይገኛል። አሠራሩ 30 ትንፋሽ፣ ጠዋትና ማታ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ነው። ጭነቱ ከ25ኛው በኋላ ያሉት ትንፋሾች እንዲከብዱ ተደርጎ ይስተካከል፤ 30ውም ከቀለሉ አንድ ደረጃ ይጨምሩ። አገባቡ ፈጣንና ሙሉ፣ አወጣጡ ቀስ ያለ ይሁን፤ ካዞረዎት በመሐሉ ያሳርፉ። ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው፤ የተበላሸ የአየር አወጣጥን ግን አያርምም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይጨርሱ። ከዚህ በፊት ከሳንባዎ አየር ወደ ደረትዎ ሾልኮ ወይም የጆሮዎ ታምቡር ተቀዶ ከነበረ፣ በቅርቡ የደረት ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ወይም አጥንትዎ ሳስቶ የጎድን አጥንት ተሰብሮ ከነበረ መሣሪያውን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይያዙት።

ስለ መድኃኒቱ ዓይነቱን አልነገሩንም፤ ልዩነት አለው። አቴኖሎልን ወይም ቢሶፕሮሎልን የመሰለ ከሆነ የልብ ምትን ስለሚገታ በልብ ምት ቆጠራ ልምምድ መመዘን ያሳስትዎታል፤ የንግግሩን መለኪያ ይያዙ። ኢናላፕሪልን የመሰለው ደግሞ አንዳንዱ ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ሳሉ በዋና ወቅት የትንፋሽ ችግር ይመስላል። በራስዎ ግን አንዱንም አያቋርጡ። የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ዳያዜፓም፣ የሚወስዱ ከሆነ የመተንፈስ ደወሉን ስለሚያደነዝዝ በየአምስት የሚለውን ጨርሰው ይሰርዙ።

ትንፋሽ ይዞ ፊትን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት ልብን ያዘገያል፤ የቅዝቃዜው ድንጋጤና የጠነከረው ሥራ ደግሞ ያፈጥነዋል። ሁለቱ ሲጋጩ ምቱ ሊዛባ ይችላል፤ የደም ግፊት ያለበት የስድሳ ዓመት ልብ ይህን እንደ ወጣት አይሸከምም። ስለዚህ ልምምዱን ከመጀመርዎ በፊት ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና ሰውነት እየተንቀሳቀሰ የሚደረግ የልብ ምርመራ ያድርጉ። ትንፋሽ ማጠሩ በዚህ ዓመት አዲስ የመጣ ከሆነ ወይም ደረጃ ሲወጡም የሚሰማ ከሆነ ደግሞ ስለ ዋና ቴክኒክ ማውራታችን ከንቱ ነው፤ ሐኪሙ ይቅደም። በተዘጋ ገንዳ ብቻ የሚያፍን፣ ከዋና በኋላ የሚያስል ከሆነም የአየር ቱቦ መጥበብን፣ አስምን ያስመረምሩ፤ ከክሎሪን የሚነሣው ጋዝ ይቀሰቅሰዋል። ሌላም አንድ ምልክት ይያዙ፦ ዋናውን አቁመው ካረፉም በኋላ የማይበርድ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ ሳል፣ አረፋ ያለው ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ። ይህ ሳንባ ውኃ መቋጠሩን ያሳያል፤ የደም ግፊት ባለባቸው፣ በቀዝቃዛ ውኃ በኃይል ሲዋኙ ይከሰታል። ወዲያው ይውጡ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አምቡላንስ ይጠራልዎ።

የትንፋሽ ልምምድ ብቻዎን አይሥሩ። «ሰው አለ» ማለት ጎንዎ የሚዋኝ ጓደኛ አለ ማለት አይደለም፤ ከገንዳው ዳር ቆሞ እርስዎን ብቻ የሚያይ ሰው ማለት ነው። ራስ ምታት፣ የከንፈር ወይም የጣት መደንዘዝ፣ የእይታ መጥበብ ከተሰማዎ የዚያ ቀን ልምምድ አበቃ።

አዲስ አበባን በተመለከተ ያሰቡት አያስኬድም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በሚተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት ከሜሪላንዱ ሩብ ያህል ያንሳል። ለብዙ ዓመታት ዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሰው፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም፣ ሲደርስ እንደ እንግዳ ነው። ያለ ትንፋሽ መዋኘት እዚያ ከሜሪላንድ የበለጠ አደገኛ ነው፤ መነሻው ኦክስጅን ራሱ አነስተኛ ነውና። ላንጋኖ ቢወርዱም ገና ከ1,500 ሜትር በላይ ነዎት። ሁለት ወር ደምን በመጠኑ ይለውጥ ይሆናል፤ ነገር ግን 200 ሜትርን በሚፈለገው ፍጥነት እዚያ መዋኘት ስለማይችሉ ያገኙትን በሌላ በኩል ያጡታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አሥር ቀናት በዝግታ ብቻ፣ በየሁለት ቀዘፋ እየተነፈሱ ይዋኙ። ከዚያ ፍጥነቱን በ25 ሜትር ብቻ ያቆዩት፤ ዕረፍቱን እዚህ ከጻፍኩት እጥፍ ያድርጉት። በየሦስት ቀዘፋ የሚለው ከዝግታ ዋና አይለፍ፤ በየአምስት የሚለውን ሜሪላንድ ይተዉት። ሐምሌ ላይ ጣሪያ የሌለው፣ የማይሞቅ ገንዳ ይቀዘቅዛል፤ ዘለው አይግቡ፣ ቀስ ብለው ይግቡና ትንፋሽዎ እስኪረጋጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁሙ። የትንፋሽ ጡንቻ መሣሪያውን ግን ይዘው ይሂዱ፤ በዝቅተኛ ጭነት ጀምረው እዚያም ሊቀጥሉበት ይችላሉ። ስምንቱን ሳምንት አሁኑኑ ጀምረው ከጉዞው በፊት መጨረስ ካልቻሉ፣ ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ያለውን የውድድር ፍጥነት ክፍል ሲመለሱ፣ መስከረም ላይ ያድርጉት።